የሥራ ፈላጊው ቢሮ ስንት ጊዜ ተዘጋ?

ከመርካቶ ወጥቶ በመድኃኔዓለምና በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ የሚጓዝ ሰው ሸጎሌን ሳይረግጥ አያልፍም። የአዲስ አበባ ሰው ሸጎሌን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፦ በአንበሳ አውቶቡስ ዴፖና በከብት ገበያው። በበዓል ዋዜማ በሬ ፍለጋ ከሚመጣው በቀር እዚያ የሚያቆመው ጉዳይ ያለው የመሐል ከተማ ሰው ጥቂት ነው። ሠፈሩ ያለበት ጉለሌ ግን ስሙን ከቀድሞ ባለርስቶቹ ከጉለሌ ኦሮሞዎች የወሰደ፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ በእጁ ጥበብና በጉልበቱ የሚኖር ሕዝብ የሰፈረበት የአዲስ አበባ ክፍል ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሁሉ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ ሌላ፣ ጎህ ሲቀድ በመንገድ ዳር ተሰብስቦ «ዛሬስ ማን ይጠራኝ ይሆን?» እያለ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ አለ።

ይህ ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ «አቤት» የሚልበት የመንግሥት ደጅ የትኛው ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የመልሱ ታሪክ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ የተጓተተና በየመንግሥቱ ለውጥ የተቆራረጠ ነው።

ከቅርቡ ልጀምር። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነውን አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲያጸድቅ፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በሕግ ተዘጋ። በዕለቱ የሁሉም ዓይን ያረፈው በሃያ ሁለቱ ተሿሚ ሚኒስትሮች ስም ላይ ስለነበር፣ ስለተዘጋው መሥሪያ ቤት የተናገረ እምብዛም አልነበረም። «ሠራተኛ» የሚለው ግማሽ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ፤ «ማኅበራዊ ጉዳይ» የሚለው ግማሽ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። የመጨረሻዋ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ወይዘሮ ኤርጎጌ ተስፋዬም ከሁለተኛው ግማሽ ጋር አብረው ተሻገሩ። የአዲስ አበባ አስተዳደርም የፌዴራሉን ፈለግ ተከትሎ የራሱን ቢሮ በዚያው መስመር ከፈለ። በ2011 ዓ.ም. በብዙ ሞገስ የተቋቋመው የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽንም በዚሁ ማዕበል ተዋጠ። ኮሚሽኑ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ 14 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ይፈጠራል የሚል ዕቅድ ይዞ የተነሣ ነበር። ዕቅዱ ሲደርስ ዕቅድ አውጪው አልነበረም።

ጉዳዩ የስም ለውጥ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። እንደዚያ እንዳልሆነ ለማየት ወደ ውጭ አገር ታሪክ ትንሽ ዞር ማለት ይጠቅማል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1909 የሥራ አገናኝ ቢሮዎችን የሚያቋቁም ሕግ አወጡ። ሕጉን ለፓርላማ ያቀረበው በዚያን ጊዜ የንግድ ሚኒስትር የነበረው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ሲሆን፣ ሐሳቡን አብስሎ ያመጣለት ደግሞ ዊሊያም ቤቨሪጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቢሮዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1910 ተከፈቱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1911፣ የሥራ አጥነት መድን ሕግ ተከተለ። የቅደም ተከተሉ ምክንያት ግልጽ ነው። ሥራ ላጣ ሰው ድጎማ የሚሰጥ መንግሥት ሰውየው በእርግጥ ሥራ ማጣቱን የሚያውቅበት መንገድ ያስፈልገዋል። ያንን የሚያውቀው በአንድ ጣሪያ ሥር ክፍት የሥራ ቦታዎችንም ሥራ ፈላጊዎችንም ከመዘገበ ብቻ ነው። ሥራ ካለ ይልከዋል፤ ከሌለ ይደጉመዋል። ሥራ ማገናኘትና ማኅበራዊ ድጋፍ የአንድ አካል ሁለት እጆች ናቸው የተባለው ለዚህ ነው። (እንግሊዞችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ከቢሮዎቻቸው አንድ አሥረኛውን ገደማ ዘግተዋል፤ ቁጠባ የሚሉት ነገር ሀብታም አገርም አይምርም። የዘጉት ግን ቀድሞ የነበረን ነገር ነው።)

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ነፃ የሕዝብ የሥራ አገናኝ አገልግሎት እንዲኖር የሚያስገድደውን 88ኛውን የድርጅቱን ስምምነት ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተበት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም የቆመበት ዓመት ነው። በዓመቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ወጣ። የሕዝብ ኑሮ ዕድገትን የሚመለከተው ሚኒስቴርም የሠራተኛውን ጉዳይና የማኅበራዊ ድጋፉን ሥራ ደርቦ እንዲይዝ ተደረገ።

በወረቀት ላይ ሲታይ የንጉሡ መንግሥት ከዘመኑ የአፍሪካ መንግሥታት ወደኋላ የቀረ አልነበረም። በተግባር ግን ደመወዙም ጡረታውም ለመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የጡረታ ሕግ በ1950ዎቹ ለመንግሥት ሠራተኛ ሲደነገግ፣ በግል ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ዜጋ ተመሳሳይ መብት ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በመካከሉ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለ፤ አንድ ሙሉ የሥራ ዘመንና ከዚያም የሚተርፍ። በዚያ መሐል ያረጀው ሸማኔና ወዛደር የዘመኑ «ማኅበራዊ ዋስትና» ዕድሩ፣ ልጁና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደጃፍ ነበር።

በጎ አድራጎቱም የራሱ መልክ ነበረው። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ከጣልያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ ነበረ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ሆስፒታልና የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ያካሂድ ነበር። ደግ ሥራ መሥራታቸውን መካድ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ድጋፉ የሚሰጠው እንደ ቸርነት እንጂ እንደ መብት አልነበረም። ቸርነት ደግሞ ሰጪው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ በ1967 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ መዘጋት የመጣው በዚያ ዓመት ነው። በየካቲት 1966 የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን ተቃውሞ ከተማዋን ሲያናጋ፣ በበየነ ሰሎሞን የሚመራው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። የንጉሡን ሥርዓት ካነቃነቁት ክንዶች አንዱ ይህ ማኅበር ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ በዓመቱ፣ በግንቦት 1967፣ የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት ዘጋ። በመስከረም 1968 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በኅዳር 1968 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጥቶ የቀድሞው የሠራተኛ አደረጃጀት አከተመ። በ1969 መንግሥት ያበጀው መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። «ሠርቶ አደሩ ሥልጣን ያዘ» በተባለበት ሰሞን የሠርቶ አደሩ ቢሮ ቁልፍ በወታደር እጅ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል ግን መነገር ያለበት ሌላ ገጽ አለ። በደርግ ዘመን የግል የሥራ ደላላ ታገደ፤ ቅጥር በመንግሥት የሥራ አገናኝ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ሁሉ በመንግሥት ይመደብ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የዕደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት (በተለምዶ «ሃሲዳ») ተቋቁሞ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ያደርግ ጀመር። ሥራ ፈላጊ ተመዝግቦ ተራውን የሚጠብቅበት ሥርዓት በኢትዮጵያ ምድር ከሞላ ጎደል የነበረው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ሥርዓቱን ያበላሸው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ያበላሸው መዝገቡ ለሌላ ሥራ መዋሉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተፈጠረው ቀበሌ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ሰብሳቢና የሠፈር ዳኛ ነበር። ቀይ ሽብር ሲመጣ ቀበሌ ማሠሪያና መግደያ ሆነ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ኮታ ሞልቶ ወጣት የሚያቀርበው ይኸው ቀበሌ ነበር። ሥራ የሌለው ወጣት «ሥራ የለኝም» ብሎ በቀበሌ መዝገብ ላይ መስፈር ማለት ለአፈሳ ስምን አስቀድሞ መስጠት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም። አሁንም ድረስ መንግሥት «ተመዝገቡ» ሲል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው። ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም።

ከግንቦት 1983 በኋላ የመጣው መንግሥት ያወረሰው ችግር ከባድ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን የቀድሞ ሠራዊት ባንድ ጀንበር ሥራ አጥ ሆነ። ለዚህም በሰኔ 1983 የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። በአብዛኛው የገጠሩ ተመላሽ መሬትና እህል፣ ዘርና በሬ እየተሰጠው ወደ ቀዬው ተመልሷል፤ ከአፍሪካ የትጥቅ ማስፈታት ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር መጥፎ ውጤት አልነበረም። የከተማው ግን ሌላ ነበር። መሬት የሚሰጥ የለ፣ ፋብሪካ የሚቀጥር የለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የወታደር ካፖርት ለብሶ በክራንች የሚለምን ሰው ያላየ የኔ ዘመን አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ኮሚሽኑ ጊዜያዊ ስለነበር ሥራውን ጨርሶ ተበተነ፤ ያልጨረሰው ደግሞ በዐደባባይ ቆሞ ይለምን ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የተመራቂዎች ምደባ ቀረ። የሥራ አገናኙ ቢሮ በሕግ ቢኖርም አሠሪው በዚያ በኩል የማለፍ ግዴታው ላላ። የሠራተኛውም ድምፅ ሌላ መዘጋት ገጠመው፦ በ1986 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ፖሊሲውን ሲቃወም፣ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ1987 ምዝገባውን ሰረዘው። መሪው ዳዊ ኢብራሂም አገር ጥሎ ተሰደደ፤ ኮንፌዴሬሽኑ እንደገና የተዋቀረው በ1989 ነው። ሰራዡ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2014 መሰረዙን የሚያስብ ሰው የታሪክ ቀልድ ሊለው ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ዘመን እውነተኛው የአዲስ አበባ የሥራ አገናኝ ቢሮ የት ነበር ቢባል፣ መልሱ አራት ኪሎ ነው። በእግረኛ መንገዱ ላይ ጋዜጣ አከራዮች ተደርድረው፣ ዲግሪ የያዘ ወጣት ለደቂቃዎች በሳንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ የ«ሪፖርተር»ንና የ«አዲስ ዘመን»ን የሥራ ማስታወቂያ በወረቀት ላይ ሲገለብጥ ይውል ነበር። ያ መንገድ ሚኒስቴር አልነበረውም፤ በጀት አልነበረውም፤ ተራ ጠብቅ የሚል ዘበኛም አልነበረውም። ነገር ግን ማንበብ ለሚችለው ብቻ የተከፈተ ቢሮ ነበር። የሸጎሌው የቀን ሠራተኛ እዚያ ምን ይሠራል?

ስለ 1996 ዓ.ም. ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ነገር የሚገልጥ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች ወጡ። አንዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሲሆን፣ ሌላው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። የመጀመሪያው ሥራ ያለውን ሰው መብትና ግዴታ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ደግሞ መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውንና በየመንደሩ «ያስቸግራል» የተባለውን ሰው ያለ ዋስ ማሠር የሚያስችል ነበር። ሥራ ላለው ሕግ፣ ሥራ ላጣ እስር ቤት! በሁለቱ መካከል ሥራ ፈልጎ ላጣው ሰው የሚሆን ሦስተኛ አዋጅ አልወጣም። ከዓመት በኋላ የ1997 ምርጫ ሲመጣ አዲስ አበባ ለቅንጅት ድምፅዋን ሰጠች። ግጭቱ ሲፈነዳ የመንግሥት ባለሥልጣናት በየመግለጫው «አደገኛ ቦዘኔ» ይሉ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ደዴሳና ወደ ዝዋይ ተጋዙ።

ከዚያ ወዲህ ነው «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ቃል በየቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ብሎኬት እንዲያመርት፣ ኮንዶሚኒየም እንዲሠራ፣ ኮብልስቶን እንዲጠርብ ተባለ። ዲግሪ ይዞ ድንጋይ መጥረብ ያሳፍራል ወይስ ያኮራል የሚለው ክርክር በካፌው ሁሉ ሞቆ ነበር። ለእኔ የድንጋዩ ጉዳይ አሳሳቢ አልነበረም፤ ድንጋይ ጠርቦ መብላት የሚያስከብር ሥራ ነው። አሳሳቢው ወደ ድንጋዩ ለመድረስ የሚታለፈው በር ነበር። ብድሩም፣ የመሥሪያ ቦታውም፣ መደራጀቱም በቀበሌ በኩል ያልፋል፤ በቀበሌው ውስጥ ደግሞ ፓርቲው ተቀምጧል። የድርጅት አባል ያልሆነ ሰው ተራው አይደርስም የሚለው አቤቱታ ከከተማ እስከ ገጠር የተሰማ ሲሆን፣ የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም መዝግበውታል። ደግሞ መዝገብ፣ ደግሞ ለሌላ ሥራ!

በዚሁ ጊዜ መንግሥት ከሥራ ማገናኘቱ ሥራ አንዱን ትልቅ ክፍል ለግል ነጋዴ አስተላለፈ። አዋጅ ቁጥር 104/1990 የግል የሥራ አገናኝ ኤጀንሲን ፈቀደ። ዓረብ አገር መሄድ የሠፈር ወሬ ሆነ፤ እህት ወንድሞቿን የምታስተምረው ከቤይሩት ወይም ከሪያድ በምትልከው ሆነ። ግፉ ሲበዛ በአዋጅ ቁጥር 632/2001 ለማጥበቅ ተሞከረ። በጥቅምት 2006 ጉዞው ጭራሽ ታገደ። ከሳምንታት በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባርራ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አራገፈች። እነዚህን ወገኖች የሚቀበል፣ ሙያቸውን የሚመዘግብ፣ ሥራ የሚያገናኛቸው አንድ የጸና ቢሮ በየሠፈሩ ቢኖር ኖሮ ብዙዎቹ በድንበር በኩል፣ በሕገወጥ ደላላ እጅ ተመልሰው ባልሄዱ ነበር። እገዳው ከዓመታት በኋላ በ2010 ተነሣ።

አንድ ጊዜ ሁለቱ እጆች የተገናኙ መስለው ነበር፤ ይህንንም መመስከር ይገባል። በ2007 ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ። በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ወጪው 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ የተገኘ ነበር። ከ600 ሺህ በላይ ሰው እንዲታቀፍ ታስቦ፣ መሥራት የሚችለው በአካባቢ ጽዳትና ልማት ሥራ እየተሳተፈ እንዲከፈለው፣ መሥራት የማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ተደረገ። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው በየሠፈራችን መንገድ የሚወጡትን እናቶች ያየ ሰው ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሥራና ድጋፍ በአንድ መዝገብ! ቤቨሪጅ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ችግሩ ፕሮግራም መሆኑ ነው። ፕሮግራም የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ተጠቃሚውም ከተወሰነ ዓመት በኋላ «ተመረቀ» ይባላል። በስድሳ ዓመትዋ ከመንገድ ጽዳት የተመረቀች እናት የት እንደምትቀጠር ግን የሚነግረን የለም።

እንግዲህ የ2014ቱን መለያየት የማየው በዚህ መነጽር ነው። አንድ የሸጎሌ ሰው ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንበል። የሥራ ላይ አደጋ ስለሆነ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ጉዳይ ነው፤ ወደ ሥራና ክህሎት ይሂድ። እግሩ ከተቆረጠ አካል ጉዳተኛ ነው፤ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ይሂድ። አሠሪው የጡረታ መዋጮ ይከፍልለት ከነበረ ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይሂድ፤ የቀን ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ አይከፈልለትም። በአንድ እግሩ ሦስት ደጅ ይጠና ማለት ነው። የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር በአገራችን ሕግ ውስጥ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝዝም ቦርዱ ለዓመታት ሳይቋቋም ቆየ።

አዲሱ ሚኒስቴር ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። የሥራ ገበያ መረጃውን በኮምፒዩተር ማደራጀቱ፣ ሥራ ፈላጊውንም ወደ ውጭ አገር የሚሄደውንም በአንድ ሥርዓት እንዲመዘገብ ማድረጉ ከአራት ኪሎው ጋዜጣ ኪራይ የተሻለ ነገር ነው። ግን ይኸኛውም መዝገብ ነው። ለመዝገብ ከሦስቱም መንግሥታት የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ለሌላ ሥራ መዋሉን፣ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ሲፈርስም ማን እንደሚወርሰው አለመታወቁን። የመጀመሪያውን ሥጋት የሚመልሰው ሕግ ነው፤ የዜጎችን የግል መረጃ የሚጠብቀው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ስለወጣ በተግባር መዋሉን መከታተል ይገባናል።

ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ ሊጠየቅ የሚችል ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን በሕግ ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ የአገር ንብረት መሆኑን ይደነግጋል። በቀድሞው ሚኒስቴርና በየክፍለ ከተማው ቅርንጫፎቹ የነበሩት የሥራ ፈላጊ ካርዶች፣ የሥራ ክርክር ፋይሎች፣ የቁጥጥር ሪፖርቶች፣ የሃሲዳ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዝርዝሮች ለሁለቱ አዲስ ሚኒስቴሮች እንዴት እንደተከፋፈሉ፣ ያልተከፋፈለው ምን እንደሆነ በይፋ ሊነገረን ይገባል። ከተወረሰና በኋላም ወደ ግል ከዞረ ፋብሪካ የተሰናበተ አንድ አዛውንት የአገልግሎት ዘመኑን ማስረጃ አምጣ ሲባል፣ የሚያመጣው ከዚያ ካርቶን ውስጥ ነውና።